ጆሯቸው ሲቀላ

ባለፈው ቅዳሜ ለጎረቤቴ ድመት ምግብ ልግዛ ብዬ ሰፈራችን ካሳራኒ አንድ አግሮቬት ገባሁ። አግሮቬት የሚሉት እዚህ የከብት መኖና የዶሮ መድኃኒት የሚሸጥበትን ሱቅ ነው። ከበሩ ጀርባ የታሰረ ድርቆሽ ሣር ተቆልሎ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ባለሱቁ ስንት ጥንቸል እንዳለኝ ጠየቀኝ። «ምንም የለኝም» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። የሆነው ሆኖ አንድ እስር ገዝቼ ወጣሁ። እስካሁን ኩሽናዬ ጥግ ቁጭ ብሏል፤ ምን እንደማደርገው ጌታ ይወቅ።

ሽታው ልጅ ሳለሁ ድርቆሽ እናበላቸው የነበሩት የቺንቺላዎቻችን ሽታ ነው። ቺንቺላ የማያውቅ ሰው ካለ አልፈርድበትም፤ እኛም አናውቅም ነበር። ከጥንቸል ያንሳል፣ ጆሮው ሰፊና ክብ፣ ጭራው የተንጨባረረ፣ መልኩ አመድማ ነው። ጸጉሩን ስትዳስሱት እጃችሁ ምንም የነካ አይመስላችሁም፣ እንዲያ ነው ልስላሴው። እማዬ ኪሌሌሽዋ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ጋ ትሠራ ነበር። ሰዎቹ አገራቸው ሊገቡ ሲሆን ሁለቱን ቺንቺላዎች ከነሽቦ ቤታቸው ለእኔ ሰጧቸው። ማዳም አለቀሰች፣ ልጇ አለቀሰች፣ እማዬም ሰው እያለቀሰ ዝም ማለት ነውር መስሏት አብራ አለቀሰች። እኔ ብቻ ነበርኩ በደስታ የምዘለው።

ማዳም ከመሄዷ በፊት ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። የቺንቺላዎች አገር ብርዳም ተራራ ነው፤ ሙቀት አይችሉም። ላብ የላቸውም። ውሃ አፍስሰሽ አታቀዝቅዣቸው፣ ጸጉራቸው አይደርቅም፣ ይታመማሉ። ጆሯቸውን እዪ፤ ጆሯቸው ከቀላ ሞቋቸዋል ማለት ነው። ዝም ብለው በጎናቸው ከተኙ ግን ቶሎ ካልደረስሽላቸው ይሞታሉ። ይህን እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት የቃል ጥናት ጥቅስ በቃሌ ያዝኩት። ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አንዷን ቃል ሳልስት እላታለሁ።

ታዲያ የማዳም ቤት ዛፍ የከበበው፣ ወለሉ እግር የሚያቀዘቅዝ ነበር። የእኛ ደግሞ ካሳራኒ፣ የፎቁ የመጨረሻ ደርብ፣ በላያችን ማባቲ ብቻ። ማባቲ ቆርቆሮው ነው። ከጥር ጀምሮ ጸሐይ ሲበረታበት ጣራው ቋ፣ ቋ እያለ ይጮሃል፤ ከሰዓት በኋላ ምላሳችሁ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል። የኪራይ ቤት ነውና ጣራው ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም። አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች ኩሽና፣ ይኸው ነው።

ሴቷን ዱቄት አልናት፣ ወንዱን አመዶ። ዱቄት ፈሪ ናት፣ አመዶ ደግሞ ሆዳም። የሚታጠቡት በውሃ ሳይሆን በአመድ በመሰለ ደቃቅ አቧራ ነው፤ ሳህን ላይ ስታደርጉላቸው እየተገለባበጡ ይንከባለሉበታል። በቸርች የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው አመድ ላይ እንደተቀመጡ ተምሬ ስለነበር ቺንቺላዎቹ ንስሐ የሚገቡ መስሎኝ ነበር። ሲንከባለሉ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ አልስቅም። ምን ኃጢአት ሠርተው ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አመዶስ ሆዳምነቱ ይታወቃል፣ ዱቄት ግን ግራ ትገባኝ ነበር።

ማቀዝቀዣ ዘዴያችንን የፈጠረው አባዬ ነው። አባዬ ኢስትሊ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ጠዋት በማታቱ ታክሲ ሄዶ ማታ ነው የሚመጣው። ከጎን ከሚሠራው ሕንፃ የወለል ንጣፍ ስባሪ ለምኖ አመጣ። እሱን ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ የሚሠራበት ሳጥን ውስጥ አድርገን ስናወጣው ቺንቺላዎቹ ሆዳቸውን ለጥፈው ይተኙበታል። በላስቲክ ጠርሙስ ያረጋነውን በረዶ ደግሞ በአባዬ ካልሲ አጥልቀን ጎናቸው እናስቀምጣለን። መስኮቱን ወለል አድርገን ከፍተን እርጥብ አንሶላ እንሰቅልበታለን። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ መጀመሪያ የማየው ጆሯቸውን ነው። ሮዝ ከሆነ እፎይ!

ደረጃው ላይ ቢሆኑ ይሻላቸው ነበር፤ ደረጃው ሲሚንቶ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ግን ከታች ያለች ጎረቤት ለኡጋሊ ገንፎ የያዘችውን የበቆሎ ዱቄት አይጥ ቀድዶ ቢበላባት «የላይኞቹ አይጦች ናቸው» ብላ ለኬርቴከሩ ከሰሰች። ኬርቴከሩም፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ ከቤታችሁ ደጃፍ ሁለተኛ እንዳላያቸው ብሎ ጣቱን ቀሰረ። አባዬ ሳቀ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ዳዋው በቺንቺላ ተለወጠ» አለ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እትዬ አስቴር የመጣችው እማዬ ልትወልድ ስትቃረብ ነው። የእማዬ ታላቅ እህት ናት፤ ከሐዋሳ ተነስታ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ገባች፣ እግሯ አብጦ፣ ሻንጣዋ ቅቤና የአጥሚት እህል ሞልቶ። ሳሎን ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አመዶን ነበር።

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለች። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አይጥ ታሳድጋላችሁ?»

«አይጥ አይደለም እትዬ፣ ቺንቺላ ነው» አልኳት።

«ስም ስለወጣለት አይጥነቱ ሊቀር?»

እስከ መጨረሻው የፈረንጅ አይጥ ነው ያለቻቸው። ግን ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ጸጉሬን ስትሠራኝ አታሳምመኝም፣ መዝሙር ስታንጎራጉር ድምፅዋ ያስተኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሽቦው ቀዳዳ ለአመዶ የሽምብራ ቆሎ ስታቀብለው ያዝኳት። አይፈቀድለትም አልኳት። «እንግዳ እኮ ነኝ፤ ለባለቤቱ ቆሎ ባቀርብለት ምን አለበት» አለችኝና ሳቀች። በሁለታችን መካከል ምስጢር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሚጡ ተወለደች። ስም እስኪወጣላት ሚጡ ነበር የምንላት። እማዬ ከሆስፒታል የገባች ቀን እትዬ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። በስንጥቁ ጨርቅ ወተፈች፣ በመኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። አራስ ቤት ነዋ! አራስ ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን ወገቧን ይላታል፤ ሕፃንማ አይነሳም። እማዬ ራሷን በሻሽ ታስራ፣ ጋቢ ደርባ፣ ትኩስ አጥሚት ይዛ ትቀመጣለች፣ ላቧ በአገጯ ይወርዳል። ሚጡ ደግሞ በፍላኔል፣ በሹራብ፣ በፎጣ፣ ከዚያም በእትዬ ነጭ ሻርፕ ተጠቅልላ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። ከውጭ ጸሐዩ ጣራውን ይቀቅለዋል።

የዚያን ቀን ማታ አለቀስኩ። ቺንቺላዎቹ ይሞታሉ አልኩ። አባዬ መስኮቱን ገርበብ ሊያደርግ ሲል የእትዬ ፊት ተለዋወጠ፤ እንደዚያ ሲለዋወጥ አይቼው አላውቅም።

«ለአይጥ ብላችሁ ልጅ ልትገድሉ ነው?»

አባዬ እጁን ከመስኮቱ አነሳ። ወጣ ስንል «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ አጉረመረመ፣ ግን አልተከራከራትም። ለምን እንዳልተከራከራት እማዬ ነገረችኝ፤ አልጋዋ ጫፍ አስቀምጣ፣ እትዬ ኩሽና ሳለች፣ በሹክሹክታ።

«እትዬ ልጅ ነበራት። ወንድ። ገና አራስ ቤት እያለች ሞተባት። በጋ ነበር፣ የተከራየችው ቤት ይጋግራል፤ ለትንሽ አየር ብላ መስኮት ከፈተች። ማታ ልጁ ሰውነቱ እሳት ሆነ። ብርድ ገባበት ብላ መስኮቱን ዘጋች፣ ያላትን ጨርቅ ሁሉ ደራርባ አቀፈችው። አልሆነም። መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ እያለች ይኸው እስከ ዛሬ። ስለዚህ መስኮቱን ተዪላት፣ እሺ የኔ ቆንጆ? ወሩ እስኪሞላ ነው።»

እሺ አልኩ። በልጅ ልቤ ግን ብርድ የሚባል ሰው ያለ መሰለኝ፤ በመስኮት የሚገባ፣ ሕፃን የሚመታ። ሌሊት መስኮቱን በአንድ ዓይኔ እየጠበቅኩ እተኛ ነበር።

ከእትዬ ጋር ተደራደርን። በረዶውን ፈቀደችልኝ፤ ግን የመኝታ ክፍሉ በር ሳይዘጋ ፍሪጁ አይከፈትም፣ ጠርሙሱን ይዤ በአራሷ ፊት አላልፍም፣ በረዶ የያዘ እጄን ሳላሞቅ ሚጡን አልነካም። ሁሉንም ፈጸምኩ። እጄን ብብቴ ሥር አድርጌ እስኪሞቅ እቆማለሁ፣ ከዚያ ገብቼ የሚጡን ጣት እይዛለሁ። የቺንቺላዎቹ ጆሮ ከሮዝ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር፣ ግን ቀይ አልነበረም። ካልሲ እቀይራለሁ፣ ንጣፉን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። በዚህ ወሩን እናልፈዋለን ብዬ አምኜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፋ። ጭራሽ የሰፈሩ ሁሉ ነው የጠፋው። እስከ ረፋድ በረዶው ውሃ ሆነ፣ ንጣፉም እንደ ማንኛውም ንጣፍ ሆነ። ከቸርች እናቶች መጡ፤ «እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ» እያሉ ትንሿን መኝታ ክፍል ሞሏት፣ ጸለዩ፣ ዘመሩ፣ እያንዳንዳቸው ሚጡን አቅፈው አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው መለሷት። እኔ ከሽቦው ቤት ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሽቦው ቤት። በካርቶን አራግብላቸዋለሁ። የዱቄት ጆሮ ቀልቷል። የአመዶም ቀልቷል።

እንግዶቹ ሲወጡ ልለምን ገባሁ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ የሳሎኑን መስኮት ብቻ ልል ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሚጡን እትዬ ክንድ ላይ ተኝታ አየኋት። ሻርፑ ከጆሮዋ ሸርተት ብሏል።

«እትዬ፣ ጆሮዋ ቀልቷል» አልኳት።

«ወዝ ነው!» አለች ደስ ብሏት። «ጤና ነው። ልጅ እንዲህ ሲሆን እልል ይባላል እንጂ!»

«አይ እትዬ፣ ሞቋት ነው።»

«ሂጂ ወደዚያ፣ አንቺ ደግሞ! ልጅቷን ከአይጥ ጋር ታስተያያለሽ?» ጆሮዋን መልሳ ሸፈነችው። «እዪያት እስቲ፣ ጨዋ ልጅ። ከረፋድ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም።»

ዝም ካሉ። ጥቅሱ በራሱ ጊዜ መጣልኝ። ዝም ብለው ከተኙ። ጩኸቴን ለቀቅኩት።

«እማዬ! ዝም ካሉ ይሞታሉ! ማዳም ናት ያለችው፣ ዝም ካሉ ይሞታሉ!»

እትዬ ልትቆጣኝ ነበር። እማዬ ግን እጇን በጨርቆቹ ውስጥ ሰደደችና ወዲያው እንዳቃጠላት ሰው መልሳ አወጣች። ጡት ሰጠቻት፣ ሚጡ አልያዘችም። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ክንብል አለ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ቆራርጬ ነው የማስታውሰው። እማዬ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ስትሮጥ፣ እትዬ በሩን ስትቆልፍ፣ አንዱ ጎረቤት መኪናውን ሲያስነሳ። አራስ ሴት ራሷን ሳትሸፍን ነፋስ ላይ ወጣች፣ እትዬም ስለ ብርድ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ያ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተሯ ሚጡን አልጋ ላይ አድርጋ ጨርቁን እንደ ሽንኩርት ላጠችው። ሻርፑ፣ ፎጣው፣ ሹራቡ፣ ፍላኔሉ። በመጨረሻ በዳይፐር ብቻ የቀረች፣ ቀይ፣ ሚጢጢ ልጅ ወጣች። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ለብ ባለ ውሃ በነከረችው ጨርቅ ጠራረገቻት፣ እማዬን ወተትሽን በማንኪያ ስጫት አለቻት። እኔና እትዬን ወደ ኮሪደሩ አስወጡን። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እትዬ የሚጡን ጨርቆች ታቅፋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ነው።

ከብዙ በኋላ ለቅሶ ሰማን። የሚጡ ነው፣ የተናደደ፣ ጉሮሮ የሞላ ለቅሶ። እትዬ «ጌታዬ! ጌታዬ!» ብላ መሬቱን ሳመች። ሲስተሯ ወጣችና ፈገግ አለች። በጣም ሞቋት ነበር፣ ደርሳችኋል፣ ለዛሬ እናያታለን አለች። እትዬ ስዋሂሊም እንግሊዝኛም አታውቅም፤ እኔ ነገርኳት። ሲስተሯ ልትሄድ ስትል እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ጠይቂልኝ» አለች። «ሙቀት ሕፃን ይገድላል ወይ በያት።»

ጠየቅኩላት። ሲስተሯ ቆም ብላ በደንብ አስረዳችኝ። እኔም ኩራቴ! የትልቅ ሰው ንግግር ለትልቅ ሰው ማስተርጎም በጣም ነበር የምወደው፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የሰማሁት።

«አዎ፣ ይገድላል ትላለች እትዬ። እናቶች ብርድ ነው ብለው ይጠቀልሏቸዋል ትላለች። ሰውነታቸው ሲግል ደግሞ ይጨምሩላቸዋል። ሕፃኑ ይደክምና ዝም ይላል፣ እነሱ ተኛልን ብለው ደስ ይላቸዋል ትላለች። ልብሱን አውልቆ አየር ቢሰጡት ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር ትላለች።»

በትክክል ነበር የተረጎምኩት። እትዬ ጨርቆቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ ማጣጠፍ ጀመረች። አጥፋ ስትጨርስ ትፈታቸውና እንደገና ታጥፋቸዋለች። ሚጡ ድናለች፣ ለምን ደስ አይላትም ብዬ ገረመኝ።

አባዬ ከኢስትሊ ሲደርስ ከእማዬ ጋር ቀረ፤ እኔና እትዬ ወደ ቤት ተመለስን። ጸሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ደረጃውን እየወጣሁ ነው ትዝ ያሉኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኳቸውም ነበር። ቁልፉን ከእትዬ እጅ ነጥቄ ሮጥኩ።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ድርቆሹ በጣም ይሸት ነበር። አመዶ ባዶው ንጣፍ ላይ ተለጥፎ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወድቃል። ዱቄት ጥጉ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሳወጣት ለስላሳ ነበረች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ግን አንገቷ እጄ ላይ ተንጠለጠለ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

እትዬ አላባበለችኝም። ቀጥ ብላ ሄዳ የሳሎኑን መስኮት ከፈተች። ከዚያ የመኝታ ክፍሉን ብርድ ልብስ ጎትታ ጣለች፣ ከዚያ የኩሽናውን። በስንጥቁ የወተፈችውን ጨርቅ ሁሉ እየነቀለች ወለሉ ላይ ወረወረችው። አየሩ ከዚህ ገብቶ በዚያ መውጣት ጀመረ። ከዚያ መጥታ አጠገቤ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አንድ ቀን እንኳ ነክታቸው የማታውቅ ሴት እጇን ዘረጋችልኝና ዱቄትን ተቀበለችኝ። በዚያ ነጭ ሻርፕ ላይ አስተኛቻት። አልጠቀለለቻትም፤ እንዲሁ በላዩ ላይ ብቻ።

እንባዋ ይወርድ ነበር። ለዱቄት የምታለቅስ መስሎኝ ወደድኳት፤ ለካ ትወዳቸው ኖሯል አልኩ።

«ጮኻ ይሆን?» አለችኝ።

«አይጮኹም እትዬ። ሲሞቃቸው ዝም ነው የሚሉት።»

«ልጄም ዝም ብሎ ነበር» አለች።

እኔ የማውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱኑ ጠየቅኳት። «ጆሮውስ? ጆሮው ቀልቶ ነበር?»

ጣቷ የዱቄትን ጆሮ ይዳስስ ነበር።

«ቀልቶ ነበር» አለች። «ወዝ ነው ብዬ እልል አልኩ።»

አመዶ ከንጣፉ ተነስቶ ወደ መስኮቱ በኩል ተጠጋ። ነፋሱ እየበረታ መጣ፤ መጋረጃው እየተነሳ ይመታናል፣ የእትዬ ሻሽ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል፣ ሽበቷ ሁሉ ይታያል። እሷ ያስተማረችኝ ነገር ትዝ አለኝና ሰጋሁላት።

«እትዬ፣ ብርድ ይመታሻል» አልኳት። «መስኮቱን ልዝጋልሽ?»

«ተዪው» አለች፣ ሳትነሳ። «ይምታኝ።»